ከከባድ የጉልበት ጉዳት በኋላ ወደ ጎልፍ መመለስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከታች ያሉት ጥያቄዎች ጅማታቸው የተበጠሰ፣ ሜኒስከሳቸው (በጉልበት አጥንቶች መካከል ጫና የሚያለዝበው ለስላሳ ንጣፍ) የተቀደደ፣ አጥንታቸው የተሰበረ ወይም ጉልበታቸው በሰው ሠራሽ የተተካላቸው የጎልፍ ተጫዋቾች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። በቀዶ ጥገናው ወቅት ምን እንደተሰፋ፣ ምን እንደተቆረጠ የሚያውቀው ሐኪምዎ ስለሆነ፣ እሱ የሰጠዎት ገደብ እዚህ ከተጻፈው ጋር ከተጋጨ የእሱን ይያዙ። «የፊት እግር» የምንለው ለዒላማው የሚቀርበውን ነው፤ በቀኝ ለሚመታ ሰው ግራው፣ በግራ ለሚመታ ቀኙ።

ጎልፍ ሩጫም ግጭትም የለበትም። ታዲያ ጉልበትን ምን ያስቸግረዋል?

መዞሩ ነው። ጉልበት በዋናነት የሚታጠፍና የሚዘረጋ መገጣጠሚያ ነው። ለመጠምዘዝ ያለው ነጻነት ትንሽ ነው፤ እግር ቀጥ ሲል ያቺም ትንሿ ትጠፋለች። ኳሱ ሲመታ ደረትና ዳሌ ወደ ዒላማው ይዞራሉ፣ የፊት እግር ጫማ ግን መሬቱን እንደያዘ ይቀራል። የጭን አጥንት ይዞራል፣ የታችኛው የቅልጥም አጥንት አልከተልም ይላል፣ ልዩነቱን መሃል ያለው ጉልበት ይሸከማል። ይህ ደግሞ የሚሆነው የሰውነት ክብደት ወደ ፊት እግር በተላለፈበትና ጉልበቱ ፈጥኖ በሚዘረጋበት ቅጽበት ነው።

መጠኑን ለማወቅ፦ ውስጡ የኃይል መለኪያ የተገጠመለት ሰው ሠራሽ ጉልበት ባላቸው ሰዎች ላይ ልኬት ተደርጎ፣ በምት ጊዜ የፊት ጉልበት ከሰውነት ክብደት 4 እጥፍ የሚበልጥ፣ የኋላው ደግሞ 3 እጥፍ ገደማ ጫና ሲያርፍበት ታይቷል። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የመጀመሪያው ከ320 ኪሎ በላይ ነው። ስለዚህ «እየተራመድኩ ነው፣ አያመኝም» ማለት ለሙሉ ምት ዝግጁ ነኝ ማለት አይደለም።

የተጎዳው የኋላ ጉልበቴ ከሆነ ይቀለኛል?

ባብዛኛው አዎ። የኋላ ጉልበት ዋና ችግሩ ዱላው ወደ ኋላ ሲነሳ ነው፤ በትንሹ እንደታጠፈ ክብደት ተሸክሞ ይጠመዘዛል። ይህ ለሜኒስከስ አይመችም። ኳሱ ከተመታ በኋላ ግን ተረከዙ ከመሬት ስለሚነሳ ጉልበቱ አብሮ ይዞራል፣ ጥምዘዛውም ይለቀቃል። የፊቱ እግር ይህ መውጫ የለውም፤ እኛ ካላበጀንለት በቀር። እንዴት እንደሚበጅለት ታች ስለ አቋም ስንናገር እንመለስበታለን።

መቼ ነው የምጫወተው?

እንደ ጉዳቱ ይለያያል፤ ከዚህ በታች ያሉት ወራት ደግሞ ሁሉም ነገር በደህና ሲሄድ ያሉት ናቸው።

የፊት ተሻጋሪ ጅማት፣ ማለትም ኤሲኤል፣ በቀዶ ጥገና ከተተካ፦ ፓት ማድረግ (ኳሱን መሬት ለመሬት ወደ ቀዳዳው ማንከባለል) ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ አጫጭር ቺፕ (ኳሱን ወደ ቀዳዳው የሚያስጠጋ ትንሽ ምት) ከ3 ወር አካባቢ፣ በአጭር አይረን (የብረት ራስ ያለው ዱላ) ግማሽ ምት ከ4 እስከ 5 ወር፣ ድራይቨር (ለሩቅ ምት የሚሆነው ረጅሙ ዱላ) እና ሙሉ ጨዋታ ከ6 እስከ 9 ወር። ወደ ዘጠነኛው ወር የሚጠጋው ለፊት ጉልበት፣ በፍጥነት ለሚመታ ሰው ወይም ሜኒስከስም አብሮ ለተሰፋለት ነው። ሰው የሚሳሳተው ከሁለተኛው ወር በኋላ ነው። ከሌላ የሰውነት ክፍል ተወስዶ የተተከለው ጅማት መጀመሪያ የራሱ የደም ዝውውር የለውም። አሮጌ ሴሎቹ ሞተው በአዲስ ይተካሉ፤ በዚህ ሂደት ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ከተተከለበት ዕለት ይልቅ ይደክማል። እብጠቱ የሚወርደውና «ድኛለሁ» የሚያሰኘው ደግሞ ልክ በዚሁ ጊዜ ነው። ጉልበትዎ ደህና መስሎ የሚሰማዎትና ጅማቱ በጣም ደካማ የሆነበት ሳምንት አንድ ናቸው።

ሜኒስከስ ላይ «ተቆረጠ ወይስ ተሰፋ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱ ወራት ይለውጣል። የተቀደደው ጫፍ ብቻ ከተቆረጠ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ብዙዎች ይመለሳሉ። ከተሰፋ ግን ስፌቱ መያዝ ስላለበት ከ4 እስከ 6 ወር ይጠብቃሉ፤ በመጀመሪያዎቹ 4 እስከ 6 ሳምንታት ከ90 ዲግሪ በላይ ማጠፍ አብዛኛውን ጊዜ አይፈቀድም፤ ቁጢጥ ማለት ደግሞ ለ4 ወር ያህል ክልክል ነው።

የውስጠኛው ጎን ጅማት፣ ኤምሲኤል፣ በአብዛኛው ያለ ቀዶ ጥገና ይድናል፦ ቀላሉ ከ1 እስከ 3 ሳምንት፣ መካከለኛው ከ3 እስከ 6፣ ሙሉ ብጥሱ ከ6 እስከ 12 ሳምንት። የቅልጥም አጥንት የላይኛው ጠፍጣፋ ጫፍ፣ ማለትም ጉልበት የሚያርፍበት ክፍል፣ ከተሰበረ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ክብደት ላያሳርፉበት ይችላሉ፤ ሙሉ ምት ከግማሽ ዓመት በፊት ማሰብ ከንቱ ነው። ሰው ሠራሽ ጉልበት ራሱን የቻለ ጥያቄ ስላለው ታች ይመልከቱ።

ታዋቂው የጎልፍ ተጫዋች ታይገር ዉድስ በተበጠሰ ጅማት ዋንጫ ወስዶ የለ?

ወስዷል። በሰኔ 2008 እ.ኤ.አ. በቶሪ ፓይንስ የተካሄደውን የአሜሪካ ኦፕን፣ የግራ ጉልበቱ ኤሲኤል ተበጥሶ፣ የግራ ቅልጥሙ አጥንት በጫና ብዛት ሁለት ቦታ ተሰንጥቆ፣ ከተፎካካሪው ሮኮ ሚዲየት ጋር እስከ 91ኛ ቀዳዳ ተጫውቶ አሸንፏል። ቀጥሎ የሆነውን ግን ጥቂት ሰው ነው የሚያስታውሰው፦ በዚያው ወር ቀዶ ጥገና ተደረገለት፣ የቀረው የውድድር ዘመን ተሰረዘ፣ ወደ ውድድር የተመለሰው በየካቲት 2009 ነበር። ስምንት ወር ገደማ። ግራ ጉልበቱ ደግሞ የፊት ጉልበቱ ነው።

ከዚህ የሚወሰድ አንድ ቁም ነገር አለ። ያለ ኤሲኤል ጎልፍ መጫወት ለአንዳንድ ሰው ይቻላል፤ ጉልበቱ ካልከዳ፣ ጡንቻው ከጠነከረ፣ ሌሎቹ ጅማቶች ደህና ከሆኑ ሐኪሞች ቀዶ ጥገናን የሚያዘገዩበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ጉልበት በዞሩ ቁጥር የሚከዳ ከሆነ፣ እያንዳንዱ መክዳት ሜኒስከስንና ካርቲሌጅን (የአጥንትን ጫፍ የሚሸፍነውን ለስላሳ ልባስ) ሊጎዳ ይችላል። ያለቀ ካርቲሌጅን ሙሉ በሙሉ እንደነበረ የሚመልስ ቀዶ ጥገና የለም።

ከቀዶ ጥገና በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ምን ላይ ላተኩር?

ሦስት ነገር፣ በዚህ ቅደም ተከተል፦ ጉልበቱን ሙሉ መዘርጋት፣ እብጠት ማውረድ፣ የፊት ጭን ጡንቻን መቀስቀስ።

መዘርጋት የሚቀድመው በኋላ ለማግኘት ከሁሉም ስለሚከብድ ነው። ተረከዝዎን ጥቅል ፎጣ ላይ አድርገው ጉልበቱ አየር ላይ ተንጠልጥሎ በራሱ ክብደት እንዲወርድ ይተዉት፤ 10 ደቂቃ፣ በቀን ከ3 እስከ 5 ጊዜ። ከጉልበት በታች ትራስ ማድረግ ይመቻል፣ ስለሚመችም ሁሉም ያደርገዋል፣ ግን በሳምንታት ውስጥ ጉልበቱን አጥፎ ያስቀረዋል። 5 ዲግሪ ብቻ እንኳ ቢጎድል እያነከሱ ይራመዳሉ፣ የጉልበት ሎሚዎ ይታመማል፣ ምትዎንም በፊት እግርዎ ላይ ቆመው መጨረስ ያቅትዎታል። የኤሲኤል ቀዶ ጥገና ተደርጎልዎ በ6ኛው ሳምንት ጉልበቱ ካልተዘረጋ ወይም ሲዘረጋ ከፊት በኩል አንድ ነገር የሚገታው ከመሰለ ሐኪሙን ያሳዩ፤ ጅማቱ ፊት ለፊት የበቀለ ጠባሳ ሊሆን ይችላል፣ እሱ በእንቅስቃሴ አይወጣም።

ጉልበት ውሃ ሲቋጥር አንጎል የፊት ጭን ጡንቻን ያጠፋዋል። ፍላጎት ቢኖርም ጡንቻው አይታዘዝም። ስለዚህ በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መያዝና እግርን ከልብ በላይ ከፍ ማድረግ የማጠናከሪያው አካል ነው፣ ለምቾት ብቻ አይደለም። በጎን ደግሞ ጡንቻውን ይጥሩት፦ እግርዎን ዘርግተው የጉልበቱን ጀርባ ወደ ፍራሹ ይጫኑ፣ 5 ሰከንድ ይያዙ፣ ይልቀቁ፤ 10 ጊዜ፣ በቀን ከ4 እስከ 6 ዙር። ከዚያ እግሩን ቀጥ እንዳለ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ያንሱ። ሲያነሱ ጉልበቱ ትንሽ እጥፍ የሚል ከሆነ ጡንቻው ገና አልተመለሰም፤ ክራንቹን ለመጣል አይቸኩሉ።

ጭኔ ሟሽሿል። የትኛውን እንቅስቃሴ ልሥራ?

ፊዚዮቴራፒስትዎ ክብደት ማንሳት ከፈቀደ በኋላ በሳምንት 3 ቀን፣ በመካከሉ ቢያንስ አንድ ቀን እያረፉ። ዋናዎቹ፦ በሁለት እግር ከወንበር መነሳት፣ ከዚያ በአንድ እግር፤ ደረጃ ላይ መውጣትና በዝግታ መውረድ፤ የእግር መግፊያ ማሽን፤ ጀርባ ላይ ተኝቶ መቀመጫን ማንሳት፤ ከዳሌ ጎንበስ ብሎ ክብደት ማንሳት፤ በአንድ እግር ተረከዝ ማንሳት። ከ8 እስከ 12 ድግግሞሽ፣ 3 ዙር፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ድግግሞሾች የሚከብዱበት ክብደት። 30 ጊዜ ሳይደክምዎ የሚያነሱት ክብደት ጡንቻ አይሠራም። አብዛኛው ሰው ቤት ውስጥ የሚሰንፈው እዚህ ላይ ነው፤ ላስቲክ እየጎተተ ስድስት ወር ያሳልፋል።

ኤሲኤልን የተካው ጅማት ከኋላ ጭን ከተወሰደ የኋላ ጭን ጡንቻን በጉልህ ለመሥራት እስከ 6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ይታገሱ። ከጉልበት ሎሚ በታች ካለው ጅማት ከተወሰደ ደግሞ ተንበርክኮ ቲ (ኳስ የሚቀመጥበት ትንሽ ችካል) መትከል ለብዙ ወራት፣ ለአንዳንዱም ለዘለቄታው፣ ያማል።

ፊዚዮቴራፒስቴ ዳሌዬን ነው የሚያሠራኝ። ከጉልበቴ ጋር ምን አገናኘው?

ዳሌ ካልዞረ ጉልበት ይዞራል። ምት ሲጨርሱ ሰውነት በፊት ዳሌ ላይ ወደ ውስጥ መዞር አለበት። ወንበር ላይ ተቀምጠው ጉልበቶችዎን አጠጋግተው የፊት እግርዎን ታች ወደ ውጭ ይክፈቱ፤ ይህ የዳሌ የውስጥ ዙረት ነው። ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቢሆን መልካም ነው። 20 ካልደረሰ የጎደለው ከጉልበት ወይም ከወገብ ይወሰዳል፤ ጉልበቱን በቀዶ ጥገና አስተካክሎ ዳሌውን ግትር አድርጎ መተው ጉዳቱን መልሶ መጥራት ነው። በየቀኑ 5 ደቂቃ በቂ ነው፦ ጀርባ ላይ ተኝተው እግርን ከፍተው ጉልበትን ቀስ እያሉ ወደ ውስጥ መጣል፣ እንዲሁም በአንድ እግር ቆመው ግድግዳ ተደግፈው ዳሌን በዝግታ ማዞር።

ዱላ ከማንሳቴ በፊት ምን ማለፍ አለብኝ?

ለፓት፣ ያለ ክራንች ሳያነክሱ መራመድ በቂ ነው። ከግማሽ ምት በፊት ግን እነዚህን ይፈትሹ። የተጎዳው ጉልበት እንደ ጤነኛው ይዘረጋል፣ ቢያንስ 120 ዲግሪ ይታጠፋል። በሎሚው መሃል በሜትር ሲለኩ ከጤነኛው የሚበልጠው ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ነው። በአንድ እግር 30 ሰከንድ ይቆማሉ። ከ20 ሴንቲ ሜትር ደረጃ ላይ 10 ጊዜ በዝግታ ሲወርዱ ጉልበትዎ ወደ ውስጥ አይወድቅም፤ ይህን ራስዎ ስለማያዩት በስልክ ከፊት ያስቀርጹት። 30 ደቂቃ ፈጠን ብለው ተራምደው በማግስቱ አያብጥም። መጨረሻ ላይ እጆችዎን ደረት ላይ አጣምረው፣ ያለ ዱላ፣ ምት እንደሚመቱ ሁሉ በዝግታ 10 ጊዜ ይዙሩ። ያለ ዱላ የሚያም መዞር በዱላ አይሻልም።

ለድራይቨር መለኪያው የጭን ጥንካሬ ነው፦ በአንድ እግር የሚገፉት ክብደት ከጤነኛው ቢያንስ 90 በመቶ። ለግማሽ ምት 80 በመቶ ይበቃል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ለወራት ሲቀመጡ ጤነኛው እግርም ስለሚደክም ንጽጽሩ ከእውነታው የተሻለ ውጤት ያሳያል። ከጉዳቱ በፊት የሚያነሱትን ክብደት የሚያስታውሱ ከሆነ ከእሱ ጋር ያወዳድሩ።

ምቶቹን በምን ቅደም ተከተል ልመልስ?

ከአጭር ወደ ረጅም፣ ከቀርፋፋ ወደ ፈጣን። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ቢያንስ 3 ልምምድ ያድርጉ፣ በልምምዶች መካከል አንድ ቀን ይረፉ፣ ጉልበቱ ካላበጠ ብቻ ይለፉ። ከእያንዳንዱ በፊት 10 ደቂቃ እርምጃና የዳሌ ማፍታታት።

መጀመሪያ ፓት፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ኳሱን ሌላ ሰው እያነሳልዎ። ግሪኑን (ቀዳዳው ያለበትን አጭር ሣር) ለማንበብ ቁጢጥ አይበሉ።

ቀጥሎ በዌጅ (ኳሱን ከፍ አድርጎ አጭር ርቀት የሚያደርስ ዱላ) ቺፕ፤ እግሮችዎ ተጠጋግተው፣ ክብደትዎ ከመነሻው ፊት እግር ላይ ሆኖ እዚያው ይቆያል። 20 ኳስ፣ ቀስ በቀስ 40።

ሦስተኛው ግማሽ ምት በዌጅና በ9 አይረን (የአይረን ቁጥር ሲጨምር ዱላው ያጥራል) ነው፤ እጅ ከወገብ ከፍታ አያልፍም። 15 መትተው 5 ደቂቃ ይቀመጡ፣ እንደገና 15።

አራተኛው በ7 አይረን ሦስት አራተኛ ምት። በጠቅላላ ከ40 እስከ 50 ኳስ፣ ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹ 15 በዌጅ። ሁሉንም ኳስ በቲ ላይ ያስቀምጡ። ዱላው መሬት ሲቆፍር የሚመጣው ንዝረትና ድንገተኛ መያዝ ወደ ጉልበት ይደርሳል፤ ሲሚንቶ ላይ የተነጠፈ ሰው ሠራሽ ምንጣፍ ደግሞ ጫማን ስለሚይዝ ከሣር ይከፋል።

አምስተኛው በሃይብሪድ ወይም በ5 ዉድ (ከአይረን የሚረዝሙ፣ ከድራይቨር የሚያጥሩ ዱላዎች) 10 ኳስ፣ ከላይ ካለው ጋር ተቀላቅሎ። ስድስተኛው ድራይቨር፦ በመጀመሪያው ቀን 5 ኳስ በ70 በመቶ ፍጥነት፣ በሚቀጥለው 10፣ ከዚያ 15። ፍጥነቱን የሚጨምሩት ቁጥሩ ከተረጋጋ በኋላ ነው፤ በአንድ ሳምንት ሁለቱንም መጨመር የዚህ ሁሉ እቅድ ትልቁ ማፍረሻ ነው።

ከዚያ 9 ቀዳዳ በጎልፍ መኪና፣ 9 በእግር፣ 18 በመኪና፣ በመጨረሻ 18 በእግር። የልምምድ ሜዳ ከጨዋታ ይልቅ ለጉልበት ይከፋል፣ ሰው ግን ተቃራኒውን ይገምታል። በ18 ቀዳዳ ውስጥ ሙሉ ምት የሚባለው 40 አካባቢ ነው፣ በአራት ሰዓት ውስጥ ተበትኖ። ልምምድ ላይ 100 ኳስ በአንድ ሰዓት ያልቃል።

ሲያመኝ ልቀጥል ወይስ ላቁም?

ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ይመዝኑት። እስከ 2 ከሆነና ሲያርፉ የሚጠፋ ከሆነ ይቀጥሉ። 3 ወይም 4 ከሆነ የዱላውን ርዝመትና የኳሱን ቁጥር ይቀንሱ። 5 ከሆነ ዕቃዎን ይሰብስቡ። ትክክለኛውን ፍርድ የሚሰጠው ግን የማግስቱ ጠዋት ነው፦ ጉልበቱ ካበጠ፣ ከአልጋ ሲነሱ ካልዘረጋ ወይም ደረጃ መውረድ ከከበደ ያለፈው ቀን በዝቷል። እብጠቱ እስኪወርድ ያርፉ፣ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይመለሱ። ሕመም የማይሰማቸው ግን በየልምምዱ ውሃ የሚቋጥር ጉልበት ያላቸው ሰዎች አሉ፤ እብጠቱን ይመኑ።

አቋሜ ላይ ምን ልቀይር?

መጀመሪያ የፊት እግርዎን ጣቶች ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ወደ ዒላማው ይክፈቱ። ጉልበቱ ምቱን ሲጨርስ ግማሽ መንገድ ቀድሞ ዞሮ ስለሚጠብቅ ጥምዘዛው ይቀንሳል። ከዚህ በላይ ከከፈቱ ዱላውን ወደ ኋላ ሲያነሱ ሰውነትዎ አይዞርም፤ ያኔ ኳሱን በክንድ ብቻ ይመታሉ። ይህን ለማካካስ ዱላው ሲነሳ የፊት ተረከዝዎ ከመሬት እንዲለቅ ይፍቀዱ፤ ብዙ የድሮ ተጫዋቾች ያደርጉት የነበረ ነው።

ሁለተኛው፣ ኳሱ ከተመታ በኋላ የፊት ጫማዎ እንዲዞር ይተዉት። ብዙ አሠልጣኞች «እግርህ እንዳይነቃነቅ» ይላሉ፤ ጉልበት ለተጎዳ ሰው ይህ ምክር አይሆንም። ሦስተኛው፣ ተጨማሪ ኃይል ለማግኘት በምቱ ቅጽበት የፊት ጉልበትን በድንገት ቀጥ አድርጎ መቆለፍ ይቅር፤ ጥቂት እጥፋት እንዳለው ይቆይ። ጥቂት ሜትሮች ያጣሉ። በረጅም አይረን ፈንታ ሃይብሪድ፣ ከብረት ይልቅ የግራፋይት ዘንግ ያለው ዱላ የጠፋውን ርቀት በከፊል ይመልሳል።

የተጎዳው የኋላ ጉልበት ከሆነ የኋላውን ጫማ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ወደ ውጭ ይክፈቱ፣ ዱላውንም ከትከሻ ከፍታ በታች ያቁሙ።

ከተመለስኩ ወዲህ ከኳሱ በፊት መሬቱን እመታለሁ። ጉልበቴ ነው?

ጉልበትዎ ሳይሆን ፍርሃትዎ ሊሆን ይችላል። አካል የተጎዳውን የፊት እግር ስለሚጠብቅ ክብደቱን ኋላ ያስቀራል፣ የምቱም ዝቅተኛ ነጥብ ከኳሱ ኋላ ይቀራል፤ ውጤቱ መሬት መቆፈር ወይም የኳሱን አናት መምታት ነው። በ9 አይረን በቀስታ ይምቱና የኋላ እግርዎን ከመሬት አንስተው በፊት እግር ብቻ 3 ሰከንድ ይቁሙ። መቆም ካቃተዎ ወደ ጥንካሬ ልምምድ ይመለሱ። ከቻሉ ደግሞ በሁለት ሦስት ሳምንት ይስተካከላል፤ ምትዎን ከሥር መሠረቱ ለመቀየር አይቸኩሉ።

የትኛው ጫማ ይሻላል?

የብረት ጥርስ ያለው አይሁን። መሬቱን አጥብቆ የሚይዝ ጫማ ጥምዘዛውን በሙሉ ወደ ጉልበት ይልካል። በደረቅ ሜዳ ጥርስ የሌለው ወይም ያለቀ ለስላሳ ጥርስ ያለው ይበቃል። እርጥብ ተዳፋት ላይ ግን መንሸራተት ራሱ አደጋ ስለሆነ አዲስ ለስላሳ ጥርስ ያስፈልጋል፤ እንዲህ ባለ ቀን የመጀመሪያ ጨዋታዎን ባይሞክሩ ይመረጣል።

የጉልበት ድጋፍ ልሰር?

የሚለጠጠው እጅጌ መሰል ድጋፍ ሙቀትና መተማመን ይሰጣል፤ ጅማት አይጠብቅም። ማጠፊያ ብረት ያለው በመጀመሪያዎቹ ወራት ሐኪም ሊያዝ ይችላል፣ ነገር ግን የተተካ ኤሲኤል ዳግም እንዳይበጠስ ይከላከላል የሚል ጠንካራ ማስረጃ የለም። አንዱ ጎኑ ብቻ ካርቲሌጁ ላለቀ ጉልበት ጫናን ወደ ሌላው ጎን የሚያሸጋግረው ዓይነት ግን ለአንዳንድ ሰዎች ሕመም ይቀንስላቸዋል።

በእግሬ ልዙር ወይስ በመኪና?

18 ቀዳዳ ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ቦርሳው ከ10 እስከ 15 ኪሎ ስለሚመዝን በትከሻ መሸከም በመጨረሻ የሚመለስ ነገር ነው፤ እስከዚያ የሚገፋ ጋሪ ይጠቀሙ። ቁልቁለት ከዳገት ይልቅ ሎሚውን ስለሚጫን በቀጥታ ሳይሆን ሰያፍ እየሄዱ ወዲያና ወዲህ እያሉ ይውረዱ። በመኪና ከሆነ ሲቀመጡ ጉልበቱ ይደርቃል፤ ከእያንዳንዱ ምት በፊት ወርደው ጥቂት ጊዜ አጥፈው ይዘርጉት።

ኳስ ማንሳትና ባንከር (አሸዋ የተሞላ ጉድጓድ) ላይስ?

ኳስ ከቀዳዳ ሲያወጡ በጤነኛው እግር ቆመው፣ በአንድ እጅ ፓተሩን (የፓት ዱላውን) ተመርኩዘው፣ የተጎዳውን እግር ቀጥ እንዳለ ወደ ኋላ እያነሱ ከዳሌ ጎንበስ ይበሉ። ፓተሩ እጀታ ጫፍ ላይ የሚገጠም የጎማ መምጠጫ ደግሞ ጎንበስ ማለቱን ራሱ ያስቀራል።

ባንከር ውስጥ በዝቅተኛው ጠርዝ በኩል ይግቡ፣ ዘለው አይውረዱ። አሸዋ ውስጥ እግርን እያሽከረከሩ መቅበር የተለመደ ነው፤ ለተጎዳ ጉልበት ግን ጫማውን አስሮ መዞር ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይቅር። ኳሱ ከገደላማው ጠርዝ ሥር ከገባ ደንቡ መውጫ ይሰጣል፦ ኳሱ መጫወት አይቻልም ብለው በሁለት ምት ቅጣት ከባንከሩ ውጭ፣ ከቀዳዳው ጋር በተያያዘው መስመር ወደ ኋላ መጣል ይችላሉ። ሁለት ምት ርካሽ ነው።

ሰው ሠራሽ ጉልበት ይዞ መጫወት ይፈቀዳል?

አብዛኞቹ የአጥንት ሐኪሞች ይፈቅዳሉ። ፓትና ቺፕ ከ6 ሳምንት በኋላ፣ ሙሉ ጨዋታ ከ3 እስከ 6 ወር። የተተካው የፊት ጉልበት ከሆነ ከጨዋታ በኋላ መጠነኛ ሕመም የተለመደ ነው። ከላይ ስለ ጫማና ስለ እግር መክፈት የተባለው ለእርስዎ ለዘለቄታው ነው፤ በብረቱ መካከል ያለው ፕላስቲክ በጥምዘዛ ይበላል፣ የሰው ጅማት እንደሚድነው ግን አይድንም።

ከጨዋታ በፊት ማስታገሻ ልውሰድ? መርፌስ?

በመመለሻ ደረጃዎች ላይ እያሉ ከልምምድ በፊት ማስታገሻ አይውሰዱ፤ የሚያቆመዎትን ምልክት ያጠፋል። የኮርቲዞን (እብጠትና ሕመም የሚቀንስ መድኃኒት) መርፌ ከተወጉ ሕመሙ ቢጠፋም ቢያንስ ለጥቂት ቀናት ሙሉ ምት አይምቱ፤ በተደጋጋሚ፣ ከ3 ወር ባነሰ ልዩነት መወጋትም አይመከርም። ጉልበት ለማስቀየር ቀጠሮ ካለዎ ከዚያ በፊት ባሉት 3 ወራት መወጋት የኢንፌክሽን ዕድልን ስለሚጨምር ለሐኪሙ ይንገሩ።

ቀጠሮ ሳልጠብቅ ሐኪም ጋ የምሄደው መቼ ነው?

ባት ካበጠ፣ ከጋለና ሲጫኑት ካመመ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፤ ከዚህ ጋር ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ጉልበቱ ቀልቶ፣ ግሎ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ወይም ቁስሉ ከመገለ በዚያው ቀን ይታዩ። ጉልበቱ ታጥፎ ከተቆለፈና አልዘረጋ ካለ የተቀደደ ሜኒስከስ ተሰንቅሮ ሊሆን ስለሚችል በኃይል ለማስለቀቅ አይሞክሩ። ምት ላይ እያሉ «ጧ» የሚል ድምፅ ተሰምቶ በሰዓታት ውስጥ ካበጠ ደግሞ ጨዋታውን ያቁሙ፣ ክራንች ይያዙ፣ በቀናት ውስጥ ይመርመሩ።